አሊ ቢራን የተረጎመልኝ ልብስ ሰፊ

ጥያቄውን የለጠፍኩት እሑድ ማታ ነው። ጅማ ላይ ዝናቡ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ አላባራም ነበር። የቆርቆሮው ድምፅ ቴሌቪዥን አያሰማም። መብራቱ ሁለት ጊዜ ሄዶ መጥቷል። ስልኬን አነሳሁና የጅማ ልጆች የምንሰባሰብበት መድረክ ላይ ገባሁ። እዚያ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጠፋ መታወቂያና ስለ ቡና ዋጋ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ኦሮምኛ ዘፋኙ አሊ ቢራ ጻፍኩ።

የጻፍኩት ባጭሩ ይኸው ነው። አሊን ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ዜማውን የማይወድ የለም፤ እኔን የያዘኝ ግን ግጥሙ ነው። ችግሩ ኦሮምኛዬ የገበያ ነው። ዋጋ እጠይቃለሁ፣ ሰላምታ እመልሳለሁ፣ ባጃጅ አስቆማለሁ። ወሬው ከዚያ ጠለቅ ካለ ፈገግ ብዬ አልፋለሁ። ታዲያ እንደኔ ያለ ሰው የአሊ ቢራ ግጥም አድናቂ ነኝ ማለት ይችላል ወይ?

ግጥሙን ከየት አገኘኸው እንዳልባል እሱንም ጨመርኩበት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሄርማታ ገበያ ጀርባ ልብስ ሰፊ ጎረቤት ነበረን። ሰፈሩ በሙሉ አባ ነበር የሚለው። ጠባብ ሱቁ ውስጥ አንድ ሲንጀር የስፌት መኪና፣ አንድ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማና አንድ ቴፕ ነበሩ። ቴፑን የሚያስቀምጠው በታጠፈ ጨርቅ ላይ ነው፤ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ዘፈኑም አብሮ እንዳይንቀጠቀጥ። በርጩማው የኔ ነበር። አባ ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ሱሪ እያሳጠረ አሊን ይሰማል። እኔ ምን አለ፣ ምን አለ እያልኩ እነዘንዛለሁ። እሱ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሳ በአማርኛ ይነግረኛል።

የካሴቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ፣ የመጀመሪያው ዘፈን መሃል፣ አንድ ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ የአባ እግር መርገጫው ላይ ቀጥ ይላል። ሲንጀሩ ዝም፣ አሊ ብቻ። ምን አለ ስለው፣ ቤቴን የለቀቅኩት ዝናቡ እስኪያባራ ነበር፣ ዝናቡ አባራ፣ መንገዱ ግን ጠፋኝ ነው የሚለው አለኝ። ይህን ስንኝ ከሠላሳ ዓመት በላይ ይዤው ኖሬያለሁ። ለባለቤቴ ገና ሳንጋባ ደብዳቤ ላይ ጽፌላታለሁ። የጓደኛዬ ሽኝት ላይ ብድግ ብዬ ጠቅሼዋለሁ። ሰው ሁሉ ጸጥ ነበር ያለው።

መጨረሻ ላይ፣ ለቀልድ ያህል፣ በልጅነታችን የአሊን ስም ከሚጠጣው ቢራ ጋር እናያይዘው እንደነበር ጣል አደረግኩ። ጣጣው የጀመረው ከሱ ነው።

መልስ የሰጡኝን በመልሳቸው ቁጥር ልጥራቸው። ቁጥር 1 ትሁት ሰው ነው። ለሰላምታው ብቻ አራት መስመር ፈጅቷል። ሙዚቃ ቋንቋ እንደማይፈልግ፣ ልብ ለልብ እንደሚደርስ ጻፈ። ብዙ ላይክ አገኘ። እውነቱን ለመናገር ይህን አልነበረም የጠየቅኩት። ዜማ ልብ ለልብ መድረሱን ካሴት ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። የኔ ጥያቄ ስለ ቃሉ ነበር።

ቁጥር 2 የትኛው ዘፈን እንደሆነ ጠየቀ። ቁጥር 3 ላይ ራሴ መለስኩ፤ ስሙን አላውቀውም። ካሴቱ ከካሴት የተቀዳ ነው፤ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ አሊ 2 ከሚል በቀር ምንም አልተጻፈበትም። ይህን ስጽፍ ትንሽ አፈርኩ። ስሙን የማያውቀውን ዘፈን ግጥሙን አደንቃለሁ የሚል ሰው ሆኜ ተገኘሁ።

ቁጥር 4 ጡረታ የወጡ መምህር ይመስሉኛል፤ አጻጻፋቸው ያስታውቃል፣ ነጠላ ሰረዝ አይሳሳቱም። የቢራውን ቀልድ አልወደዱትም። ሰውየው ሲወለድ አሊ መሐመድ ሙሳ እንደነበር፣ የተወለደውም በ1947 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ እንደሆነ አስረዱ። አፍረን ቀሎ የሚባለው የኪነት ቡድን ውስጥ ገና በአሥራ ሦስት ዓመቱ ሲዘፍን፣ የመጀመሪያ ዘፈኑ ስለ ቢራ ነበር። ቢራ ማለት በኦሮምኛ ክረምት ሲወጣ የሚገባው ወቅት ነው፤ ሰማዩ የሚጠራበት፣ አበባው የሚፈነዳበት። ሕዝቡ ልጁን በዘፈኑ ጠራው፣ ስሙም በዚያው ቀረ። የዚያን ጊዜ መንግሥት ቡድኑን በበጎ ዓይን እንዳላየው፣ ከአባላቱም የታሰሩ እንደነበሩ ጨመሩ። በስተመጨረሻ፣ ከመጻፍ በፊት መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ አሳሰቡኝ። ተቀበልኩ። መምህር ሲቆጣ ደስ የሚል ነገር አለው።

ቁጥር 5 አጽናናኝ። እነሱ ቤት አያቱ ካሴቱን ከደጅ አላስገባም ብለው ነበር አሉ። አጥባቂ ሙስሊም ናቸው፤ ቢራ የሚሸጥ ሰው ቤቴ አይዘፍንም አሉ። አንድ ቀን ግን ጎረቤት ተከፍቶ ሰሙት። ድምፁ የማን እንደሆነ ጠየቁ። ልጆቹ ፈርተው ሌላ ስም ሰጡ። አያትየው እስኪሞቱ ድረስ አሊን በሌላ ሰው ስም ሲወዱት ኖሩ። እኔ በዚህ ሳቅኩ፤ ባለቤቴ ምን ሆነህ ነው ብላ ከጓዳ ወጣች።

ቁጥር 6 የጻፈው ሁለት መስመር ነው፣ ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ቃሉ አማርኛ ውስጥም እንዳለ ነው ያስታወሰን። ሰማዩ ብራ ነው እንላለን። ያልጠበቅነው ነገር ሲደርስብን የብራ መብረቅ እንላለን። እኔ ብራን ስንት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ! ግን አንድም ቀን ከአሊ ስም ጋር አላገናኘሁትም። ከመጠጡ ጋር ግን ወዲያው። የጅማ ልጅ ሆኖ ብራን መርሳት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እዚህ ሰማይ ሲጠራ ሰው ፍራሹንም ቡናውንም አንድ ላይ አውጥቶ ነው የሚያሰጣው።

ከዚያ የሆነውን መገመት አያቅትም። ከቁጥር 7 እስከ 11 ያለው ቃሉን ማን ከማን ወሰደ የሚል ጠብ ነው። አንዱ ኦሮምኛ የሚለውን ስም ራሱን ትቼ አፋን ኦሮሞ ማለት እንዳለብኝ አረመኝ፤ ልክ ነው፣ ከዚህ በኋላ እንደዚያው እላለሁ። ሌላው ግዕዝ ውስጥ ገባ። ሦስተኛው ስለ መዝገበ ቃላት ተናግሮ መዝገበ ቃላቱን ግን አላሳየም። ቁጥር 10 እና ቁጥር 11 ስለ አሊ ቢራ መሆኑን ከናካቴው ረስተው እርስ በርስ ይዘላለፉ ጀመር። ዝርዝሩን አልጽፈውም። ጎረቤታሞች ለዘመናት ዕቃ ሲዋዋሱ ድስቱ መጀመሪያ የማን እንደነበር ቢጠፋ ምን ይገርማል? ቁጥር 12 የመድረኩ አስተዳዳሪ ነው። ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሄደ።

ቁጥር 13 ስትገባ የውይይቱ ክር መንፈሱ ተቀየረ። አፏን በአፋን ኦሮሞ የፈታች፣ ጅማ ተወልዳ ያደገች ሴት ነች። በጣም ጨዋ ነች። የሷም ቤት ቢሆን አሊን እንደ ውኃ ጠጥቶ እንዳልተረዳ ነገረችን። የአሊ የሐረርጌ አነጋገርና የጅማው አንድ ቋንቋ ቢሆንም አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዳንድ ቃል ላይ እናቷ ራሳቸው ቆም ብለው ያስቡ ነበር። እናም ግማሽ ሰምቶ መውደድ የኔ ብቻ ነውር እንዳልሆነ አስረዳች። ቀጥላ የነገረችን ግን ለኔ የክሩ ዋና ነገር ነው። በኦሮሞ የቃል ግጥም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ስንኝ ስለ ሣሩ፣ ስለ ጋራው፣ ስለ ላሙ ያወራል። ነገሩ የሚመጣው በሁለተኛው ነው። የፊተኛው ድምፁን አስተካክሎ ለኋለኛው መንገድ ይጠርጋል። ትርጉሙን ብቻ የሚያሳድድ ሰው የፊተኛውን ስንኝ ከንቱ ነው ብሎ ይጥለዋል፤ ሲጥለው ዜማውም አብሮ ይወድቃል። የኛ የአማርኛ የሕዝብ ግጥምም እንዲሁ ነው፤ ከላይ ስለ ጤፍና ስለ ደጋ እያወራ ከታች ልብ የሚወጋውን ያመጣል። ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

ደስታዬ የቆየው እስከ ቁጥር 14 ነው። ይኼ ሰው ሰላምታ አያውቅም። አርባ ዓመት ጅማ ኖሬ ቋንቋውን አለመማሬ የስንፍና ሳይሆን የንቀት ምልክት እንደሆነ ጻፈ። ግጥም እወዳለሁ ማለቴ ለዚያ ማካካሻ ነው አለ። የቡና ሽታ እያሸተቱ ቡና ጠጣሁ እንደማለት ነው አለ። ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት። መልሼ አነሳሁት። መልስ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። ንቀት የሚለው አይደለም። ስንፍና የሚለው ግን… የአባ ሱቅ ውስጥ ዓመታት ተቀምጬ እሱን ቋንቋውን አስተምረኝ አላልኩትም። ምን አለ ብቻ ነው ያልኩት።

ቁጥር 15 ስለኔ ተከራከረ፤ ግን ከመጠን በላይ ስለጮኸ ይበልጥ አሳፈረኝ። ቁጥር 16 የጉራጌ ነጋዴ ልጅ ነው። አባቱ ጅማ በገቡ በዓመታቸው አፋን ኦሮሞ ይናገሩ እንደነበር፣ ያስተማራቸውም ፍቅር ሳይሆን ዱቤ እንደሆነ አጫወተን። ያበደሩትን ሰው በሱ ቋንቋ ካልጠየቁት ገንዘቡ እንደማይመለስ ገብቷቸው ነበር።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ እንደ ልማዱ ከመንገዱ ወጣ። ቁጥር 17 ስለ ጥላሁን ገሠሠ አነሳ። ጥላሁን ያደገው ወሊሶ ነው፣ እሱም በአፋን ኦሮሞ ዘፍኗል፣ ወሊሶ ደግሞ የጅማ መንገድ ላይ ናት። ስለዚህ ጥላሁን ለኛ ከድሬዳዋው አሊ ይቀርባል የሚል ክርክር ነበረው። በመኪና መንገድ የሚለካ አድናቆት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ቁጥር 18 እልህ ያዘው። ጅማ የራሷን ልጅ ትታ ለምን የሰው እንደምታወድስ ጠየቀ፤ ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 እ.ኤ.አ. የተወለደው እዚሁ ጅማ መሆኑን፣ ኢትዮ ጃዝን ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው መሆኑን ነጥብ በነጥብ ጻፈ። ቁጥር 19 ጥያቄው ስለ ግጥም እንደሆነ፣ ሙላቱ የሚጫወተው ቫይብራፎን ደግሞ ግጥም እንደማይናገር በትሕትና አሳሰበው። ቁጥር 20 የእግር ኳስ ክለባችንን የጅማ አባ ጅፋርን የ2010 ዓ.ም. ዋንጫ ፎቶ ለጠፈ። ለምን እንደለጠፈ እስካሁን አልገባኝም። ግን ከሁሉም በላይ ላይክ ያገኘው እሱ ነው።

ቁጥር 21 መምህሩ ተመለሱ። ለቁጥር 18 መልስ ነበራቸው። አሊ የሰው አይደለም፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የክብር ዶክትሬት የሰጠው የኛው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ ጅማ በይፋ ተቀብላዋለች። ክቡር ዘበኛ ባንድ ውስጥ ሠርቶ፣ በ1984 እ.ኤ.አ. ከአገር ወጥቶ ስዊድንም አሜሪካም ካናዳም ኖሮ፣ ከአፋን ኦሮሞ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪና በሶማሊኛ ዘፍኖ፣ በመጨረሻም ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ላይ ማረፉን፣ የተቀበረውም በተወለደባት ድሬዳዋ መሆኑን በቅደም ተከተል አስቀመጡ። አሊ የሚጫወተውን ባለ ክር መሣሪያ፣ ኡዱን ግን አልረሱም። ኡድ ሲይዝ ድምፁና ክሩ ማን ማንን እንደሚመራ አይለይም ይላሉ። መምህሩ ከቀን መቁጠሪያ ወጥተው እንዲህ ሲጽፉ ይህ ብቻ ነው።

ቁጥር 22 ያኔ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ነበር። በዚያ ሰሞን ቤተሰብ ሊጠይቅ ሄዶ እንዳመለጠው፣ ሲመለስ የዶርም ጓደኞቹ ወሬውን እያወሩ እንዳቃጠሉት ነገረን። እስካሁን ይቆጨዋል። የሰው ቁጭት ሳነብ የራሴ ቀለለኝ።

አሁን ወደ ቁጥር 23 ልምጣ። ማክሰኞ ነው። በመሃሉ ካሴቱን አውጥቼ፣ የላላውን ክር በቢክ እስክሪብቶ ጠምጥሜ፣ ያቺን ቦታ በስልኬ ቀድቼ ለጥፌ ነበር። አንድ ደቂቃ ከምናምን ትሆናለች። ቁጥር 13 ከእናቷ ጋር ቁጭ ብላ ሰማችው። መጀመሪያ የዘፈኑን ስም ነገረችኝ፤ ካሴቱ ላይ ጻፍኩት። ቀጥላ ይቅርታ ጠየቀች። ይቅርታውን ሳይ የሆነ ነገር እንዳለ ገባኝ። የኔ ስንኝ እዚያ የለም። ዝናብ የለም፣ ቤት የለም፣ የጠፋ መንገድም የለም። ባይሆን ሌላ ስንኝ ይሆናል ብላ እናቷን ሁለት ጊዜ አሰምታለች። እናትየው ያሉት ግን ከዚህም የባሰ ነው። እኔ በጠቆምኩት ቦታ አሊ አይዘፍንም። ኡዱ ብቻውን ነው የሚጫወተው።

ሄጄ ሰማሁት። ልክ ናት። ሠላሳ ዓመት ስሰማው የኖርኩት ቦታ ላይ ቃል የለም። ክር ብቻ ነው፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ክር። የአባ እግር መርገጫው ላይ የሚቆመው እዚያ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አባ ድምፁን እስኪሰነጠቅ ድረስ ይጨምረው ስለነበር፣ ልጅ ሆኜ ዘፈኑም ዝናቡም የአባም ድምፅ አንድ ላይ ነው የገቡብኝ። ማን ምን እንዳለ መለየት አልቻልኩም ማለት ነው።

ቁጥር 24 ያው የቁጥር 14 ሰው ነው። እሱን ነበር የፈራሁት። የአሊ ቢራ ሳይሆን የልብስ ሰፊ አድናቂ እንደነበርኩ ጻፈ፤ የሳቅ ምልክትም ደረደረ። ምን እላለሁ? ለባለቤቴ ነገርኳት። ታዲያ ደብዳቤው የማን ነበር አለችኝ። ለእሷም መልስ የለኝም።

ግን እሱው ሰው ከሰዓት በኋላ በቁጥር 25 ተመለሰ። ሳቁን ትቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ልብስ ሰፊው የየት አገር ሰው ነበሩ? አንቱ ብሎ ነው የጠየቀው። ቁጥር 26 ላይ መለስኩ። አባ የጅማ ሰው አልነበረም። ከድሬዳዋ በኩል እንደመጣ ሰፈሩ ያውቃል። ለምን እንደመጣ ግን ለልጅ አይነገርም። አማርኛውም የምሥራቅ ነበር፤ አቦ ይል ነበር፣ እኛ ልጆች እንቀልድበት ነበር። ተመልሶ መሄዱን አላየሁም። ሱቁ በኋላ የሞባይል ካርድ መሸጫ ሆነ።

ቁጥር 27 ላይ ሰውየው የጻፈው ከአንድ መስመር አይበልጥም። ትርጉሙ ስህተት እንዳልሆነ፣ የተተረጎመው ዘፈን ግን የአሊ ላይሆን እንደሚችል ነው። ከዚያ ቀደም ያለውንም ይቅርታ አልጠየቀበትም። እንዲጠይቅም አልፈለግኩም። ስለ ስንፍናው ያለው አሁንም ልክ ነው።

ቁጥር 28 በዚህ አልተስማማም። ነገሩን እንዲህ ማክበድ አያስፈልግም ባይ ነው። የድሮ ተርጓሚ ሁሉ ከራሱ ይጨምር ነበር። እነሱ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ውስጥ የህንድ ፊልም የሚተረጉም ወጠምሻ ነበር። አንድ ቃል ህንድኛ አያውቅም። ግን እናትና ልጅ ሲላቀሱ ከነምክንያቱ ያስረዳል፤ ደስ ካላለውም ገጸ ባሕሪውን ከፊልሙ ቀድሞ ይገድለዋል። ከቁጥር 29 እስከ 32 ያለው የቪዲዮ ቤት ትዝታ ነው። አንዷ ያቺ አክተር በአማርኛ ያላለችውን በህንድኛም አላለችውም ብላ እስካሁን እንደምታምን ጻፈች። እኔም ብዙ ስቄያለሁ፤ ሆዴ ግን ኡዱ ጋ ነበር።

ቁጥር 33 ለካሴት ማጫወቻ የሚሆን ላስቲክ ጅማ ውስጥ የት እንደሚገኝ ጠየቀ። የሱ ቴፕ ዘፈኑን እያዘገመ አሊን ሽማግሌ አድርጎታል። አዌቱን ተሻግሮ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው እንዳለ ነገርኩት፤ ላስቲክ ባይኖረውም ከሌላ አውልቆ ይገጥማል።

ቁጥር 34 ዛሬ ጠዋት የገባ ነው። ቁጥር 13 ናት። እናቷ የካሴቱን ሁለተኛ ገጽ በሙሉ መስማት ፈልገዋል። ከዘፈኑ ጀርባ የሲንጀር ድምፅ ይሰማል ወይ ብለውም አስጠይቀዋል። አይሰማም፤ ካሴቱ ከካሴት ነው የተቀዳው። ይህን ግን ገና አልመለስኩላትም። ቴፑን አውርጄ ጨርቅ አጥፌ ከሥሩ አድርጌለታለሁ። መብራት ሲመጣ ሁለተኛውን ገጽ እቀዳላቸዋለሁ።